የቢሮ ወንበርን ትቶ አሠልጣኝ መሆን፡- ዕብደት ወይስ ሙያ?

በአገራችን «ሥራ ያዘ» የሚለው አነጋገር ራሱን የቻለ ትርጉም አለው፡፡ አንድ ወጣት ሥራ ያዘ ሲባል ወንበርና ጠረጴዛ፣ ከተቻለም ማኅተም፣ በወሩ መጨረሻም የሚፈርምበት የደመወዝ መክፈያ ሰነድ አገኘ ማለት ነው፡፡ ከንጋት እስከ ምሽት ከሞፈርና ከቀንበር የማይለየው አባቱ ግን በዕድሜው ሙሉ አንድም ቀን «ሥራ ያዘ» ተብሎለት አያውቅም፡፡ በዚህም የተነሣ ሥራ የያዘው ልጅ በገዛ ፈቃዱ ወንበሩን ትቶ ሲነሣ፣ ቤተሰቡ የሚያዝነው ደመወዙ ስለ ቀረበት ብቻ ሳይሆን ልጁ ከደረጃው የወረደ ስለሚመስለው ጭምር ነው፡፡ ይህ ጽሑፍ እንዲህ ስላደረገ አንድ ወጣትና እኛ በዚያ ወጣት ላይ ስለ ሠራነው ስሕተት የሚናገር ነው፡፡

በ2009 ዓ.ም. አንድ የቀድሞ ተማሪያችን ከሞላሌ ስልክ ደወለልን፡፡ በፊዚክስ በመጀመሪያ ዲግሪ ተመርቆ፣ በትውልድ አገሩ በመንዝ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በዕቅድ ባለሙያነት ተቀጥሮ አምስት ዓመት ሠርቷል፡፡

«ዶክተር፣ ሥራዬን ልለቅ ነው» አለን፡፡

«ምን የተሻለ ነገር አገኘህ?»

«ያገኘሁት ነገር የለም፡፡ ሰው ስፖርት ላሠራ ነው፡፡»

«ማንን?»

«አብረውኝ የሚቀመጡትን፡፡ በእኛ ክፍል ካለነው ስድስት ሰዎች ሦስቱ የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ፡፡»

የሰጠነው መልስ አጭር ነበር፤ «ዐርፈህ ተቀመጥ!» አልነው፡፡ ምክንያታችንን ሲጠይቀን ስለ ጡረታው፣ ስለ እናቱ፣ ስለ ዲግሪው አነሣንበት፡፡ በክፍል ውስጥ «ሳትለካ አትደምድም» እያልን አራት ዓመት ያስተማርነው እኛ፣ አንድም ነገር ሳንለካ ደመደምን፡፡ እርሱ ግን ለካና መልቀቂያውን አስገባ፡፡

ሞላሌ ላይ የደረሰብን

በጥር ወር 2011 ዓ.ም. የዘመድ ለቅሶ ለመድረስ ወደ ሞላሌ ሄድን፡፡ ከደብረ ብርሃን አልፎ በጣርማበር በኩል ወደ መንዝ የሚታጠፈውን መንገድ የሚያውቅ ሰው የዚያን ምድር ንፋስ አይረሳውም፡፡ የመንዝ ማማ ምድር ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው ሞላሌ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 3,000 ሜትር ከፍታ ላይ የተቀመጠች፣ የገብስና የበግ አገር ናት፡፡ ከቀብር በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ ወደ ለቀስተኛው ቤት የሚወስደውን ዳገት ስንወጣ ደረታችን ተወጠረ፤ ትንፋሻችን ተቆራረጠ፡፡ አገር የምንቃኝ መስለን ሦስት ጊዜ ቆምን፡፡ በእናታችን ዕድሜ የሚገኙ ሴቶች እንስራ አዝለው፣ ወሬያቸውን ሳያቋርጡ አለፉን፡፡ በርኖስ የደረቡ አንድ ሽማግሌም በትራቸውን ተደግፈው «አይዞህ ልጄ፣ ቀስ በል» ብለው አበረታቱን፡፡ የልጅ ልጅ ያዩ ሰው ነበሩ፤ እኛ ደግሞ ገና በዐርባዎቹ ውስጥ ነን፡፡

በልባችን «የአየሩ መሳሳት ነው» አልን፡፡ የፊዚክስ ሰው ሰበብ አያጣም፡፡ ማታ ያ ተማሪያችን ለቅሶ ሊደርስ መጣ፤ የሆነውን ስንነግረውም ጠዋት ያንኑ ዳገት አብረን እንድንወጣ ለመነን፡፡ ጫፍ ስንደርስ የእጃችንን አንጓ ይዞ ሰዓቱን እያየ ቈጠረ፡፡ በደቂቃ 152 ምት ሆነ፡፡ ሁለት ደቂቃ ተቀምጠን ካረፍን በኋላ ሲቈጥር ገና 128 ነበር፡፡ በኪሱ ከያዘው ደብተር ላይ ጽፎ፣ በአክብሮት አንገቱን ደፍቶ «ዶክተር፣ አዲስ አበባም እኮ ደጋ ነው፡፡ ጥፋቱ የከፍታው ብቻ አይደለም፤ ወንበሩም አለበት» አለን፡፡ ወደ አዲስ አበባ ተመልሰን ስንመረመር የደም ግፊታችን 150 በ95 ተገኘ፡፡ በውጭ አገር ለዶክትሬት ያጠፋናቸው ዓመታትና ከዚያ ወዲህ ያሉት የመምህርነት ዓመታት በአብዛኛው በወንበር ላይ ያለፉ መሆናቸውን ያን ጊዜ አሰብን፡፡

መቀመጥ በፊዚክስ ዓይን

በፊዚክስ ሥራ ማለት ኃይል ሲባዛ በመፈናቀል ነው፡፡ ግድግዳ ሲገፋ የዋለ ሰው ግድግዳው ካልተነቃነቀ በዚህ ትርጉም ሥራ አልሠራም፡፡ በዚሁ ሚዛን ብንሄድ ቀኑን ሙሉ ማኅተም ሲመታ የዋለ ሹም የሠራው ሥራ እጅግ ጥቂት ነው! ይህን የምንለው ለቀልድ ነው፤ የአእምሮ ሥራ በጁል አይመዘንም፡፡ ነገር ግን ሰውነት ቀልድ አያውቅም፤ የሚቈጥረው ጁሉን ነው፡፡

አንድ 70 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው ዝም ብሎ ሲቀመጥ ሰውነቱ በሰዓት 70 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ያቃጥላል፡፡ ይህም ወደ 80 ዋት ነው፡፡ ያው ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ 300 ሜትር ሽቅብ የሚያስወጣ ዳገት ቢወጣ፣ የስበትን ኃይል ለማሸነፍ የሚሠራው ሥራ 70 × 9.8 × 300፣ ማለትም 206 ኪሎ ጁል ያህል ይሆናል፡፡ ጡንቻ ግን ከሚያቃጥለው ኃይል ወደ ሥራ የሚለውጠው ከአራት እጅ አንዱን እጅ ያህል ብቻ ስለሆነ ሰውየው የሚያወጣው 820 ኪሎ ጁል ገደማ ነው፡፡ ይህን ለሰዓቱ ስናካፍል ከመቀመጡ 80 ዋት በላይ ሌላ 230 ዋት እናገኛለን፡፡ ስለዚህ የዳገቱ ሰው ከወንበሩ ሰው አራት እጥፍ ግድም ያነድዳል፡፡

ይሁን እንጂ ነገሩ ከተቃጠለው ካሎሪ ያለፈ ነው፡፡ ልብን እንመልከት፡፡ ያረፈ ሰው ልብ በደቂቃ አምስት ሊትር ገደማ ደም ትረጫለች፡፡ በደቂቃ 75 ጊዜ የምትመታ ከሆነ በአንድ ምት 67 ሚሊ ሊትር ያህል ትረጫለች ማለት ነው፡፡ በእንቅስቃሴ የጠነከረች ልብ ያንኑ አምስት ሊትር በ60 ምት ልትረጭ ትችላለች፤ እያንዳንዱ ምት 83 ሚሊ ሊትር ስለሚይዝ ነው፡፡ ልዩነቱ በደቂቃ 15 ምት ብቻ ቢመስልም በቀን 21,600 ምት ይሆናል፡፡ በዓመት ምን ያህል እንደሚሆን ማስላትን ለአንባቢ እንተዋለን፡፡ የደም ሥሮች መለጠጥ፣ ጡንቻ ከደም ውስጥ ስኳር የመውሰድ ችሎታው መጨመር የዚሁ ውጤት አካል ናቸው፡፡

የለንደን አውቶቡሶች የሰጡት ትምህርት

ወንበር ልብን ይጎዳል የሚለው አባባል ዛሬ እንደ ተራ ነገር ይነገራል፡፡ በቁጥር የታየው ግን ረጅም ዘመን አልሆነውም፡፡ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በብሪታንያ ጄሪ ሞሪስ የተባሉ ሐኪም በልብ ሕመም በድንገት የሚሞተው ሰው ለምን እንደ በዛ ሲያስቡ የለንደንን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡሶች አስተዋሉ፡፡ በእያንዳንዱ አውቶቡስ ውስጥ ሁለት ሠራተኞች ነበሩ፡፡ ሾፌሩ የሥራ ቀኑን አብዛኛውን ክፍል ተቀምጦ ሲያሳልፍ፣ ትኬት ቈራጩ ግን ወደ ላይኛው ፎቅ ሲወጣና ሲወርድ በቀን ከ500 እስከ 750 ደረጃ ይረግጣል፡፡ ከተማቸው አንድ፣ አየራቸው አንድ፣ አሠሪያቸው አንድ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1953 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣውና 31,000 ያህል የትራንስፖርት ሠራተኞችን የሚመለከተው ጥናት እንዳሳየው፣ በትኬት ቈራጮቹ ላይ የልብ ሕመም ከሾፌሮቹ ያነሰ ነበር፡፡ በደረሰባቸውም ጊዜ ዘግየት ብሎና ቀለል ብሎ ይመጣ ነበር፡፡ በእግር ደብዳቤ የሚያድሉ የፖስታ ሠራተኞችም በጠረጴዛ ላይ ከሚውሉት ጸሐፊዎች ጋር ሲነጻጸሩ ተመሳሳይ ልዩነት ታየ፡፡

እዚህ ላይ ወጣት አንባቢያችን ቆም ብሎ «ምናልባት ቀድሞውኑ ጤና የጎደላቸው ሰዎች ይሆኑ ሾፌርነትን የመረጡ?» ብሎ ሊጠይቅ ይገባዋል፡፡ ጠያቂ ተማሪ እንዲህ ያለው ነው፡፡ ሞሪስም ራሳቸው ይህን ጠይቀው ነበር፡፡ የሠራተኞቹን የደንብ ልብስ ልክ ሲመረምሩ ሾፌሮቹ ገና በወጣትነታቸውም ወገባቸው ሰፋ ያለ ሆኖ አገኙት፤ ይህንንም ሳይደብቁ እ.ኤ.አ. በ1956 አሳተሙት፡፡ ሁለት ነገሮች አብረው መታየታቸው አንዱ ለሌላው ምክንያት መሆኑን አያረጋግጥምና፡፡ በኋላ በሌሎች አገሮችና በሌሎች ዘዴዎች የተካሄዱ ብዙ ጥናቶች ግን ወደዚያው አቅጣጫ ሲያመለክቱ፣ ሐሳቡ ጸንቶ ቆመ፡፡ ሞሪስ ራሳቸውም ዕድሜያቸውን ሙሉ እየተንቀሳቀሱ ኖረው እ.ኤ.አ. በ2009 በ99 ዓመታቸው ዐረፉ፡፡ ይህ የአንድ ሰው ዕድሜ ነውና ማስረጃ አንለውም፤ ደስ የሚል ነው ብለን ግን እናልፈዋለን፡፡

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ እንደሚያስፈልገው ይመክራል፡፡ ይኸው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ይፋ ባደረገው ግምት ደግሞ በ2022 ከዓለም አዋቂዎች 31 በመቶ የሚሆኑት ይህን አነስተኛ መጠን አላሟሉም፡፡ በእኛም አገር እ.ኤ.አ. በ2001 የተጀመረው ታላቁ ሩጫና በ2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ መንገዶችን ለጥቂት ሰዓታት ከመኪና ነጻ ያደረገው «መንገድ ለሰው» ጥሩ ጅምሮች ናቸው፡፡ ነገር ግን ሰው በዓመት አንድ ቀን ቲሸርት ለብሶ ስለሮጠ ጤናው አይጠበቅም፡፡ በቀሩት ቀናት የሚያስተምረውና የሚከታተለው ያስፈልገዋል፡፡

ከፍታ ብቻውን አያሮጥም

«መንዝን የመሰለ ደጋ ይዘን አሠልጣኝ ምን ያደርግልናል?» የሚል ሰው አጋጥሞናል፡፡ ስለ ከፍታ ጥቂት እንበል፡፡ በባሕር ጠለል ላይ የአየር ግፊት 101 ኪሎ ፓስካል ሲሆን በ3,000 ሜትር ወደ 70 ይወርዳል፡፡ በአየሩ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ በሁለቱም ቦታ 21 በመቶ ገደማ ነው፤ የሚቀንሰው የኦክስጅኑ ግፊት ነው፡፡ ከ21 ኪሎ ፓስካል ወደ 15 ያህል ይወርዳል፡፡ ኩላሊት ይህን እጥረት ሲያውቅ ቀይ የደም ሕዋሳት እንዲበዙ የሚያዝ ሆርሞን ያመነጫል፡፡ የደጋ ሰው አንዱ ጥቅም ይህ ነው፡፡

ነገር ግን ከፍታ ብቻውን ሯጭ የሚያደርግ ቢሆን ኖሮ ሞላሌ ከበቆጂ ባላነሰች ነበር፡፡ በአርሲ የምትገኘው በቆጂ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ገብሷም ብርዷም ከመንዝ ጋር ይቀራረባል፡፡ በቆጂ ግን ስንታየሁ እሸቱ የሚባሉ ሰው ነበሯት፡፡ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሰውነት ማጎልመሻ መምህር የነበሩት እኒህ ሰው ፊታቸውን ወደ አሠልጣኝነት አዙረው፣ እ.ኤ.አ. በ1992 በባርሴሎና በ10,000 ሜትር የወርቅ ሜዳሊያ ያገኘችውን ደራርቱ ቱሉን፣ ከእርሷም በኋላ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን ገና በልጅነታቸው አሠልጥነዋል፡፡ በሮም እ.ኤ.አ. በ1960 በባዶ እግሩ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ የሮጠው አበበ ቢቂላም የተወለደው በዚሁ በሰሜን ሸዋ ደጋ ነው፡፡ እግሩና ሳንባው የራሱ ነበሩ፤ ልምምዱን በዕቅድ የመሩት ግን ከስዊድን የመጡት ኦኒ ኒስካነን ነበሩ፡፡ በሐንጋሪ ተምረው የተመለሱትና እ.ኤ.አ. በ2016 ያረፉት ዶክተር ወልደ መስቀል ኮስትሬም ለብዙ ዓመታት የብሔራዊ ቡድኑ አሠልጣኝ ሆነው ይህን አሳይተውናል፡፡ የሯጮቹን ስም ሕፃናት ሳይቀሩ ያውቁታል፡፡ ያሠለጠኗቸውን ሰዎች ስም የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው፡፡ አሠልጣኝነትን እንደ ሙያ አለመቁጠራችን ከዚህም ይታወቃል፡፡

በእርግጥ ተማሪያችን ሜዳሊያ አልፈለገም፡፡ የፈለገው የሂሳብ ሹሟ ሳታለከልክ ቤቷ እንድትገባ ነው፡፡ ዘዴው ግን አንድ ነው፤ ሰውነትን ከለመደው ጥቂት ከፍ አድርጎ ማስቸገር፣ ከዚያ ማሳረፍ፣ ከዚያም መለካት፡፡ አባቶቻችን «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ያሉትን በሰዓትና በደብተር መሥራት ነው፡፡ ደብተሩን አሳይቶን ነበር፡፡ የእያንዳንዱ ሰው የጠዋት የልብ ምት በየሳምንቱ ተመዝግቦ፣ በግራፍ ወረቀት ላይ ተስሎ ነበር፡፡ በላቦራቶሪ ያስተማርነውን የስሕተት መጠን እንኳ አልረሳውም፡፡

ተቃውሞዎቹና መልሳችን

ሦስት ተቃውሞዎች ሁልጊዜ ይነሣሉ፤ ሦስቱም ቀላል አይደሉም፡፡

የመጀመሪያው «ለገበሬ አገር ስፖርት ቅንጦት ነው» የሚለው ነው፡፡ እውነት ነው፤ ከበግና ከሞፈር ጋር ለሚውል ሰው ዱብ ዱብ በል ማለት ስድብ ነው፡፡ ነገር ግን የመንዝ ልጅ በሙሉ ገበሬ አይደለም፡፡ መምህሩ፣ ጸሐፊዋ፣ ባለ ሱቁ፣ ሾፌሩ አሉ፡፡ የገበሬ ልጅ ሆነው የገበሬን ምግብ እየበሉ የገበሬን እንቅስቃሴ የተዉ ናቸው፡፡ እኛም ከእነርሱ አንዱ ነን፡፡

ሁለተኛው «ማንም ተነሥቶ አሠልጣኝ ነኝ ይላል» የሚለው ነው፡፡ ይህንን በሙሉ ልብ እንቀበላለን፡፡ ደረቱ ስለ ሰፋ ብቻ ሰው የሚያሠለጥን፣ የደም ግፊት ያለበትን ሰው ሳይጠይቅ ከባድ ብረት የሚያሸክም፣ ምንነቱ ያልታወቀ ዱቄት የሚሸጥ ሰው አደገኛ ነው፡፡ ለዚህም መድኃኒቱ ሙያውን መናቅ ሳይሆን ማስተማር ነው፡፡ በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የስፖርት ሳይንስ ትምህርት ይሰጣል፤ ተማሪያችንም ከለቀቀ በኋላ የክረምት ሥልጠና እየፈለገ ተከታትሏል፡፡ ቢሆንም መጀመሪያ ሊማር፣ ኋላ ሊለቅ ይገባው ነበር ብለን እናምናለን፤ በዚህ ነጥብ ዛሬም አልተስማማንም፡፡

ሦስተኛው ገንዘብ ነው፡፡ በዚህ ላይ ልንሸነግላችሁ አንፈልግም፡፡ በትንሽ ከተማ ለመራመድ የሚከፍል ሰው ጥቂት ነው፡፡ በመጀመሪያው ዓመት ገቢው ከተወው ደመወዝ ግማሽ አልደረሰም ነበር፡፡ በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልሉ ግጭት ከተነሣ በኋላ ደግሞ በንጋት ተሰብስቦ ዳገት መውጣት የማይታሰብ ሆነና ሥራውን ወደ ደብረ ብርሃን አዛወረ፡፡ አሁንም ወር ሞልቶ ወር የሚጎድልበት ጊዜ አለ፡፡ ጡረታም የለውም፡፡ ወንበሩን በተወ ማግሥት ሕይወት ይቃናል የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትመኑት፡፡

ለሚያመነቱ

ታዲያ ምክራችን ምንድን ነው? ወንበር ላይ ያለ ሁሉ ይነሣና አሠልጣኝ ይሁን አንልም፡፡ ሒሳብ የሚይዝ፣ ዕቅድ የሚያወጣ ሰው ለአገር ያስፈልጋል፡፡ መነሣት የሚፈልግ ግን አስቀድሞ ሦስት ነገር ይለካ፡፡ አንደኛ፣ የሰውነትን አሠራር የሚያውቀው በሰሚ ስሚ ነው ወይስ ተምሮ? ሁለተኛ፣ ገቢ ሳያገኝ ስንት ወር ሊቆይ ይችላል? ሦስተኛ፣ ከሥራ ሰዓት ውጪ ለስድስት ወር ሰዎችን አሠልጥኖ ውጤታቸውን በቁጥር መዝግቧል? ሦስቱን የመለሰ ሰው ቢለቅ ዕብድ አንለውም፡፡ ያልመለሰውንም ቢሆን «ዐርፈህ ተቀመጥ» አንለውም፤ «ቆይ፣ ለካ» እንለዋለን፡፡

ስለ ራሳችን አንድ ነገር እንጨምርና እናብቃ፡፡ ከዚያ ጥር ወዲህ በሳምንት አምስት ቀን ጠዋት ጠዋት እንራመዳለን፡፡ በመጀመሪያው ወር ዐሥራ አምስት ደቂቃ ነበር፤ ዛሬ ከዐርባ አያንስም፡፡ ሐኪም ያዘዘልንን መድኃኒት በራሳችን ፈቃድ አላቋረጥንም፤ መጠኑን የቀነሰልን ሐኪሙ ራሱ ነው፡፡ የጠዋት የልብ ምታችን ከ84 ወደ 66 ወርዷል፡፡ ደብተር ይዘናል፡፡

በዚያ በሞላሌ ጉዞ ከመመለሳችን በፊት የተማሪያችን እናት ቤት ለቡና ተጠርተን ነበር፡፡ ሁለተኛውን ስኒ እየቀዱልን ልጃቸው ወደ ውጭ እስኪወጣ ጠበቁና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ዶክተር፣ እርስዎ ያስተማሩት አይደለም? ምነው ተው ቢሉልኝ፣ ሥራ እንዲይዝ» አሉን፡፡ የምንመልሰው ቸግሮን ቡናውን አመስግነን ዝም አልን፡፡ ከዓመታት በኋላ ያን ዝምታ ስናስበው ያሳፍረናል፡፡ መልሱ በእጃችን አንጓ ላይ ይመታ ነበርና፡፡ ዛሬ ቢጠይቁን «እማማ፣ ልጅዎ እኮ ሥራ ይዟል» እንላቸዋለን፡፡